የክረምት ጤና በበጋ ይሠራል



ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,080 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች የወለጋ ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ይኸውም የአዲስ አበባን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። ክረምቷም በሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣ አይደለም። ዝናቡ በሚያዝያና በግንቦት መካከል ይጀምርና እስከ ጥቅምት ድረስ ይሰነብታል። የወለጋን ቡና፣ የወለጋን ማርና የወለጋን ልምላሜ የሚያደንቅ ሁሉ የሚያደንቀው ይህን ዝናብ ነው። ዝናቡ ግን ቡና ብቻ አያበቅልም።

ከነቀምቴ ቀበሌዎች አንዱ ቡርቃ ጃቶ ይባላል። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። የሰፈር ስም ምንጭን ሲያነሣ፣ ሰው ቤቱን የሚሠራው ውሃን ተከትሎ መሆኑን ያስታውሳል። ሆኖም የሰው ቤት ወደ ምንጭ በቀረበ ቁጥር ምንጩም ከሰው ቤት የሚወጣውን ቆሻሻ ሁሉ ለመቀበል ይቀርባል። በበጋ ይህ ጕርብትና ጉዳቱ ጎልቶ አይታይም። በክረምት ግን ጎርፍ በጓሮና በጓሮ መካከል፣ በመጸዳጃ ጕድጓድና በምንጭ መካከል መልእክተኛ ሆኖ ይመላለሳል። የዛሬው ንግግር ርእስ የክረምት ጤና ሲሆን፣ ጉዳዩ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የክረምት በሽታ አብዛኛው መንገዱ ውሃ፣ ጭቃና ጢስ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ይልቅ በአካፋ፣ በድንጋይና በቧንቧ የሚገቱ ናቸው፤ አካፋውም መነሣት ያለበት ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው።

ነገሩን ከሩቅ ለመጀመር ያህል፣ ዝናብን እንደ ወለጋ ሰው አብዝተው የሚያውቁትን ሕንዶችን መመልከት ይጠቅማል። የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና አዩርቬዳ ዓመቱን በስድስት ወቅት ይከፍልና ለእያንዳንዱ ወቅት የአኗኗር ደንብ ይሠራል። ቫርሻ ስለሚባለው የዝናብ ወቅት፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ጻፈ የሚነገርለት ቫግብሃታ የሰጠው ምክር በተለይ የሚያስገርም ነው። በዝናብ ወራት የሰው የሆድ እሳት ይደክማል፤ ስለዚህ ምግቡ ቀላልና ትኩስ ይሁን፣ እህሉም ያደረ ይሁን ይላል። የሚጠጣው ውሃ የተፈላ ወይም የጕድጓድ ውሃ እንዲሆን ያዛል፤ የወንዝ ውሃን ይከለክላል። በእግር በጭቃ መሄድ አይገባም፣ ልብስ በዕጣን ይታጠን፣ መኖሪያም ከመሬት እርጥበትና ትነት ራቅ ብሎ ከፎቅ ላይ ይሁን ይላል።

የሆድ እሳት ደከመ የሚለው ማብራሪያ ለዛሬ ሳይንስ እንደ ምክንያት አይበቃውም። ምክሩ ግን አብዛኛው ትክክል ነው። ምክንያቱን በስሕተት እያስረዱ ሥራውን በትክክል ማዘዝ የጥንት ሕክምና ሁሉ ጠባይ ነው፤ የአገራችንም ባህላዊ ሕክምና ከዚህ አይለይም። ስለሆነም ከጥንቱ ምክር የትኛው ተጠብቆ የትኛው መተው እንዳለበት ለመለየት፣ ምክሩን አንድ በአንድ ከአካባቢው ሁኔታ ጋር ማገናዘብ ያሻል።

በጭቃ በእግር አለመሄድን በቅድሚያ እንውሰድ። የነቀምቴና የአካባቢዋ አፈር ቀይ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ በረጅም ዘመን ዝናብ ተሸርሽሮ የተገኘ ሸክላ አፈር ነው። ዝናብ ሲነካው ይላቁጣል፤ ከባዶ እግር ላይም እንደ ቀለም ተጣብቆ ይቀራል። ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ ከፍተኛ ስፍራ፣ እንዲህ ባለው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ በትውልድም ለዚህ የተጋለጠ ከሆነ፣ ዝሆኔ ይይዘዋል። ብዙ ሰው ዝሆኔን የእርግማን ወይም የመተት ውጤት ያደርገዋል፤ ከታማሚው ቤተሰብ ጋር ጋብቻ የሚሸሽም አለ። እውነቱ ግን የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ ሰርጎ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቱቦዎች ማስቈጣቱና መድፈኑ ነው። በሌላ አገር ዝሆኔ የሚያመጣው ትንኝ የሚያስተላልፈው ትል ከዚህ ዓይነቱ ሕመም ውስጥ የለበትም። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ገበያ ለገበያ እየዞረ ታማሚዎችን በመቍጠር በሽታው ቀይ አፈርን ተከትሎ እንደሚገኝ ያሳየው በዚህ አገር ነው።

ለወለጋ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በምዕራብ ወለጋ በጉሊሶ ወረዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከመቶ ሰው 2.8 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት አሳይቷል። በመላ ኢትዮጵያ የታማሚው ቍጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ይህን ያህል ሰው የሚያሰናክል በሽታ ደግሞ በጫማና በእግር መታጠብ የሚከላከሉት መሆኑን ማሰብ ያሳዝናል። ሕመሙ የጀመረውም ሰው ቢሆን እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ካልሲና ጫማ ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንስለታል። እዚህ ላይ አንድ ልማድ መነሣት አለበት። በክረምት ጫማ እንዳይበላሽ ተብሎ በእጅ ተይዞ በባዶ እግር የሚኬድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጫማቸውን በከረጢት ይይዙና በደጁ ሲደርሱ ያደርጉታል። ጫማው የሚያስፈልገው ግን በጭቃው መንገድ ላይ ነበር። ርካሹ የላስቲክ ቦቲ፣ ለዓይን ባያምርም፣ ለቀይ አፈር አገር ከቆዳ ጫማ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

በቅጡ መዘግየት የሚገባው ከውሃው ላይ ነው። ምንጭ በተፈጥሮው ንጹሕ ነው የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ ለእምነቱም መሠረት አለው። ውሃ በአፈርና በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ይጣራል። ሆኖም የነቀምቴ ዓይነት መሬት ከቀዩ ሸክላ በታች የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው። በስንጥቅ የሚሄድ ውሃ ይሮጣል እንጂ አይጣራም። ስለዚህ ከምንጭ በላይ ባለው ዳገት የተቈፈረ መጸዳጃ በመጽሐፍ የታዘዘውን 30 ሜትር ርቀት ጠብቆ እንኳ ምንጩን ሊበክል ይችላል። ሠላሳ ሜትር ለአፈር የተሠራ ልክ ነው፤ ለስንጥቅ ድንጋይ ዋስትና አይሆንም።

አንድ ምንጭ በክረምት ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለውን ለመለየት ላቦራቶሪ እስኪገኝ መጠበቅ ግድ አይደለም። ብርቱ ዝናብ ከጣለ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምንጩ ከደፈረሰ፣ የገጽ ውሃ ሳይጣራ እየገባበት ነው ማለት ነው። ጭቃ የገባበት መንገድ ደግሞ ከጭቃ ይልቅ እጅግ ደቃቅ ለሆነው ተሕዋስ አይጠብበትም። ውሃ የሚቀዱ እናቶች ይህን ምልክት ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የሚጠይቃቸው መሐንዲስ ግን ጥቂት ነው።

ምንጭን ማጐልበት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ብዙው ጥፋትም የሚመጣው ቀላል ነው ተብሎ ከመናቁ ነው። የሲሚንቶው ሣጥን ብቻውን ምንም አያድንም። ዋናው ነገር ከምንጩ በላይ ቢያንስ 8 ሜትር ያህል ርቆ በግማሽ ክብ የሚቈፈረው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ከሣጥኑ ጀርባ በሚገባ ተጠቅጥቆ የሚደመደመው የሸክላ አፈርና ከብት የሚከለክለው አጥር ነው። እነዚህ ርካሾች ስለሆኑ በበጀቱ ውስጥ አይታዩም፣ በምረቃውም ቀን ሪባን አይቈረጥባቸውም። በሁለተኛው ዓመት ቦዩ በደለል ይሞላል፤ በሦስተኛው ጎርፉ በሣጥኑ ላይ ያልፋል። ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። የሣጥኑ የትርፍ ውሃ ቧንቧ ምንጩ ከዓለቱ ከሚወጣበት ዓይን ዝቅ ብሎ ካልተተከለ፣ ውሃው በሣጥኑ ውስጥ ሽቅብ ቆሞ ምንጩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የተገፋ ምንጭ ደግሞ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ሣጥኑም ባዶውን ይቀራል።

ምንጩ እስኪጐለብት ድረስ ግን ቤተሰብ መጠጣት አለበት። እዚህ ላይ የሕንዶቹ ምክር፣ ማለትም የተፈላ ውሃ፣ ዛሬም የሚበልጠው የለም። ከከፍታ የተነሣ ግን አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በነቀምቴ ከፍታ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሽታ አምጪዎቹ ተሕዋስያን በዚህም ሙቀት ይሞታሉ፤ ሆኖም በቆላ 1 ደቂቃ መንተክተክ ሲበቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመከራል። ገና ሲሰማ ወይም እንፋሎት ሲያወጣ ከእሳት የወረደ ውሃ የተፈላ አይባልም። እርጥብ ማገዶ ባለበት በሐምሌ ወር ሦስት ደቂቃ መጨመር ለቤት እመቤቲቱ ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ ስለዚህ ደረቅ እንጨት በጥርና በየካቲት ፈልጦ ከጣሪያ ጥላ ሥር መከመርም ከውሃ ንጽሕና ሥራዎች አንዱ ሆኖ መቈጠር ይኖርበታል።

ማገዶ ለሌለው ክሎሪን አለ፤ በአገር ውስጥ «ውሃ አጋር» በሚል ስም የሚሸጠው ፈሳሽና «ቢሻን ጋሪ» የሚባለው ዱቄት ይታወቃሉ። ቢሻን ጋሪ በኦሮምኛ መልካም ውሃ ማለት ሲሆን፣ ጭቃውን አስቀድሞ አዝቅጦ ከዚያ ተሕዋሱን ስለሚገድል ለክረምት ውሃ የተመቸ ነው። ተራው ክሎሪን ግን በደፈረሰ ውሃ ኃይሉ ይባክናል፤ አስቀድሞ ውሃው ሊጠልና በጨርቅ ሊጣራ ይገባዋል። ጨርቅን መናቅ አይገባም። በባንግላዴሽ መንደሮች ሴቶች ያረጀ የጥጥ ሳሪያቸውን አጣጥፈው ውሃ እንዲያጣሩበት ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ውጤት ኮሌራ ወደ ግማሽ፣ ማለት 48 ከመቶ፣ መቀነሱን አሳይቷል። አራት ጊዜ የታጠፈ አሮጌ ነጠላ ከዚያ ጨርቅ አያንስም፤ ቢሆንም ማጣራት ከማፍላት ይቀድማል እንጂ አይተካውም።

ሰማይም ራሱ ምንጭ ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ይሰጣል። ስለዚህ 40 ሜትር ካሬ ጣሪያ ያለው ቤት 30 ሚሊሜትር በዘነበ ቀን 1,200 ሊትር ያህል ያገኛል። ብክነቱ ተቀንሶ እንኳ ይህ ለአንድ ቤተሰብ ከሳምንት በላይ የሚበቃ ነው። የመጀመሪያው ውሃ የወፍ ኩስና አቧራ ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ የቀረው ክዳን ወዳለው በርሜል ይግባ። ክዳኑ ለይምሰል የሚደረግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተገኘችው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት የምትወድ ናት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሕፃን ይቀመጠው ይሆናል። ያን ጊዜ ከሁሉ የሚቀድመው የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው፤ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ከረጢት ከተገኘ ደግሞ ይሻላል። ይህን ተራ የሚመስል ነገር ዓለም ያወቀው በዝናብና በስደት መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ድንበር በኮሌራ ሲያልቁ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሕንዳዊ ሐኪም የደም ሥር ፈሳሽ አልቆበት ስኳርና ጨው በውሃ ማጠጣት ጀመረ፤ በሰፈሩም ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ከመቶ 3.6 ደረሰ። አዩርቬዳ ቀደም ሲል ለተቀመጠው ሰው ቀጭን የሩዝ ሾርባ ያዝ ነበር፤ የወለጋም እናት አጥሚት ትሰጣለች። ሁለቱም ወደ እውነቱ ተጠግተው ነበር፤ የቀራቸው ልኩ ነው። ጨውን በዘፈቀደ መጨመር ሕፃኑን ሊጎዳው ይችላልና።

ወደ ጢሱ ስንመለስ፣ ልብስን ማጠን በወለጋም በሌላውም አገር የቈየ ልማድ ነው። ክረምት ሰው ተጨናንቆ የሚተኛበት፣ ልብስም ታጥቦ የማይደርቅበት ወቅት ስለሆነ፣ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ ትኩሳት የሚበረቱበት ጊዜ ነው። ዕጣንና ወይራ ሽታውን ያሳምራሉ፤ ቅማልን የሚገድለው ግን የፈላ ውሃ ነው። እንዶድም በልብስ ማጠቢያነቱ የሚመሰገን ነው። ስለ ጢስ ግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት። በብርዱ ሌሊት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ገብቶ በርና መስኮት ሲዘጋ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤቱን ይሞላዋል፤ የተኙትም ሳይነቁ ይቀራሉ። ምድጃው ከመኝታ ቤት ይውጣ። ለማእድ ቤትም ጢስ ማውጫ ይበጅለት፤ የእርጥብ እንጨት ጢስ ለሕፃናት ሳንባ ምች በር ከፋች ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉ መድረስ ይገባል፤ ብዙ አድማጭ የክረምት ጤና ሲባል የጠበቀው እርሱን ሳይሆን አይቀርምና። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ግራዋ በብዙ ጓሮ ይገኛሉ። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን ያበርዳል፤ ትኩስ ሻዩም ጕሮሮን ያለሰልሳል። በማር ማጣፈጥም መልካም ነው፤ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። በመስከረም የሚደርሰው አንጮቴ የተባለው የወለጋ ሥራ ሥርም በካልሲየም የበለጸገ ሲሆን፣ አጥንት ለተሰበረና ለአራስ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ሊከበር የሚገባው ነው።

ዳማከሴ ለብቻው መነሣት አለበት። ምች መታኝ ያለ ሰው ቅጠሉን አሽቶ ጭማቂውን ይቀባል፣ በቡናም ይጠጣል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ዳማከሴ ትኩሳት የማብረድ ኃይል እንዳለው አረጋግጠዋል፤ አያቶች የሚናገሩት ከንቱ አልነበረም። አደጋውም የተሸሸገው በዚሁ ኃይሉ ውስጥ ነው። ከዲዴሳ ወይም ከአንገር ሸለቆ የተመለሰ ሰው ቢያተኵሰው፣ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጠጣል፤ ትኩሳቱ ለአንድ ቀን ይበርዳል፤ ተሻለው ይባላል። ወባው ግን በደሙ ውስጥ መራባቱን አላቆመም። ትኩሳቱ ምልክት ነበር፤ ምልክቱ ጠፋ፣ በሽታው ቀረ። የወባ ሕክምና በ24 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት የሚባለው፣ በተለይ በሕፃንና በነፍሰ ጡር ላይ፣ ሁለተኛው ቀን ብዙ ነገር ስለሚወስን ነው። ዳማከሴ የጠጣ ሰው ጠጥቶም ቢሆን ወደ ምርመራው ይሂድ። ጤና አዳምም ቢሆን በብዛት ለነፍሰ ጡር ጽንስ የሚያስወርድ መርዝ እንደሚሆን መታወቅ አለበት።

የባህል መድኃኒት ሁሉ ውሸት ነው ማለት ደግሞ ሌላው ድንቍርና ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አይተው፣ ብልሃርዝያን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንዶድ እንደሚያገለግል አሳዩ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ደግሞ የጥንት መጻሕፍትን መርምራ ከአንድ ቅጠል አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2015ም የኖቤል ሽልማት አገኘች። እርሷ የተሳካላት ቅጠሉን በማፍላት አልነበረም፤ ሙቀቱ ኃይሉን እንደሚያጠፋው ተረድታ በዝቅተኛ ሙቀት በማውጣት ነው። ዛሬም ያንኑ ቅጠል እንደ ሻይ አፍልቶ ለወባ መጠጣት የማይመከረው፣ በስኒው ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። የልክ ጉዳይ አዩርቬዳንም አልማረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን አካባቢ ከሚሸጡ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቶባቸዋል። ኮሶም ከልኩ ሲያልፍ ዓይን ማጥፋቱና ነፍስ ማሳለፉ የታወቀ ነው።

ወባ ከተነሣ፣ የክረምት ጤና ዝናቡ ሲያባራ የሚያበቃ አለመሆኑ ሊሠመርበት ይገባል። ብርቱ ዝናብ የትንኝ እጭን ይጠርጋል፤ ብርዱም በትንኝ ሆድ ውስጥ የወባውን እድገት ያዘገያል። ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ስትወጣ ግን የከብት ኮቴ፣ የጡብ አፈር የተቈፈረበት ጕድጓድና የመንገድ ዳር ቦይ ሁሉ ሞቃት ኩሬ ይሆናል። የወባ ብርቱ ወራት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሆነው ለዚህ ነው። ነቀምቴ ደጋ ናት፣ ወባ አይደርስባትም የሚል ሰው የ1950 እና የ1951 ዓ.ም. ወረርሽኝን ያስታውስ። ያን ጊዜ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ስፍራዎች ሳይቀር 3 ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ያለንበትም ዘመን ቢሆን የሚያዘናጋ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ወር አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን ገልጿል፤ ከሕሙማኑም 44 ከመቶ ያህሉ በኦሮሚያ ነበሩ። መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ድንጋይና አፈር ያወጣበትን ጕድጓድ ሳይሞላ ሲሄድ ትንኝን አስፍሮ እንደ ሄደ ሊቈጠርበት ይገባል፤ ይህም በውሉ ውስጥ መጻፍ ያለበት ነው።

የመጸዳጃ ጕድጓድም የክረምት ነገር ነው። በበጋ የተቈፈረ ጕድጓድ ግድግዳው ካልተገነባ፣ ቀዩ ሸክላ ውሃ ሲጠግብ ይናዳል፤ ወለሉ ከመሬት ከፍ ካላለ ጎርፍ ይገባበትና ያለውን ሁሉ ወደ ታች ሰፈር ይዞ ይወርዳል። የጕድጓዱ ግርጌ ከከርሰ ምድር ውሃ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል የሚለው ደንብ የሚለካው በክረምቱ ውሃ ነው፤ በየካቲት ደረቅ የሆነ ጕድጓድ በነሐሴ ውሃ ውስጥ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚምባብዌ የተፈለሰፈው የአየር ማውጫ ቧንቧ ያለው መጸዳጃ ሽታንና ዝንብን የሚቀንስ ስለሆነ ለወለጋ ከተሞች ጠቃሚ ነው፤ ቧንቧው ግን ጫፉ ላይ ወንፊት ከሌለው ከሥራው ግማሹን አይሠራም።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሸክላ አፈር በእርጥብ ወቅት አይጠቀጠቅም፤ ሲሚንቶም በጎርፍ መካከል አይያዝም። ስለዚህ ቦይ፣ የምንጭ ሣጥን፣ የመጸዳጃ ግድግዳና የጣሪያ አሸንዳ ከኅዳር እስከ መጋቢት ተሠርተው ማለቅ አለባቸው። ለምንጭ ደግሞ ሁለት ምርመራ በሁለት ወቅት ያስፈልገዋል። ንጽሕናው የሚመረመረው ብርቱ ዝናብ በጣለ ማግሥት በሐምሌ ወይም በነሐሴ ነው፤ በጥር የተወሰደ ናሙና ስለ ክረምቱ ውሃ የሚናገረው ነገር የለም። መጠኑ ግን የሚለካው በመጋቢት መጨረሻ፣ ውሃው እጅግ በሚያንስበት ጊዜ ነው። ሰዓትና 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃሉ። ጀሪካኑ በ40 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል፤ ለአንድ ሰው 20 ሊትር ቢታሰብ 2,160 ሰው ያጠጣል። ያው ምንጭ በነሐሴ ያንኑ ጀሪካን በ10 ሴኮንድ ቢሞላ፣ ስሌቱ 8,640 ሰው ይላል። በዚህ ቍጥር ቧንቧ ከተዘረጋ፣ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሰው በመጋቢት እንስራውን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል።